ዐቃቤ ሰዓት

ወንድሜ ጫማውን አውልቆ ወደ ውስጥ ሲዘልቅ እኔ ከበሩ ውጭ፣ ከዛፉ ጥላ ሥር ቀረሁ። ሐይቅ እስጢፋኖስ የወንዶች ገዳም ነው፤ ሴት አትገባበትም። ልጅ ሳለሁ ከእናቴ ጋር ከደሴ ስንመጣም የምንቀመጠው እዚሁ ነበር። እናቴ ነጠላዋን አጣፍታ ወደ በሩ ዞራ ትሰግዳለች፤ ከዚያ ስንቃችንን ፈትታ ዳቦ ትቆርስልኛለች። ከውስጥ የሚመጣው ዜማ በነፋሱ ከፍ ዝቅ እያለ ይደርሰን ነበር። ቅር ብሎኝ አያውቅም። በር ላይ የተቀመጠ ሰው የገባው የማያየውን ያያል፤ ማን በጊዜው እንደደረሰ፣ ማን አርፍዶ እንደመጣ፣ ማን ደጁን ረግጦ ሳይገባ እንደተመለሰ ከእሱ የተሻለ የሚያውቅ የለም።

ዘንድሮ ይዤው የመጣሁት ሐሳብ ከባድ ነው። አገሮች ተባብረው ጦርነትን ሳይጀመር ለማስቀረት፣ ከተጀመረም ለማብረድ የሚገቡት ቃል ምን ያህል ይታመናል? ይህ ጥያቄ በአዳራሽ ሲነሣ የባለሙያዎች ጉዳይ ይመስላል። ደሴ ተወልዶ ላደገ ሰው ግን የቤት ጥያቄ ነው። አያቶቻችን በ1928፣ እኛ ደግሞ በ2014፣ ያንኑ ጥያቄ ይዘን ወደ ሰማይ አንጋጠናል።

ሽማግሌዎች ስለ ሐይቁ አፈጣጠር የሚነግሩት ታሪክ አለ። ጥንት እዚህ ውኃ አልነበረም ይላሉ፤ ሰው የሚኖርበት ምድር ነበር። አንዲት ነፍሰ ጡር ሴት በአንዲት ልዕልት ተበደለች። ፈጣሪ በግፉ ተቆጥቶ አገሩን ሁሉ ውኃ አደረገው፤ ልዕልቲቱም ከዘመድ ወዳጇ ጋር ሰጠመች። ነፍሰ ጡሯ የተቀመጠችባት መሬት ብቻ ደረቅ ሆና ቀረች። ያቺ መሬት ደሴት ሆነች፤ ገዳሙም የተተከለው በእሷ ላይ ነው። ዛሬ ደሴትነቷ ቀርቶ በአንድ ወገን ከየብስ ተያይዛለች። ግፍ የተፈጸመባት ሴት የተቀመጠችበት መሬት ላይ ነው እንግዲህ መነኮሳቱ የሚጸልዩት።

ይህን ታሪክ በልጅነቴ ስሰማ የምፈራው ውኃውን ነበር። አሁን የሚያስፈራኝ ሌላ ነው። በዚያ አገር ውስጥ በሁለቱ ሴቶች መካከል ገብቶ «ተይ፣ ይቅርብሽ» የሚል አንድ ሰው አልነበረም? ጎረቤት የለም? ሽማግሌ የለም? ከልዕልቲቱ ጋር የሰጠሙት ዘመድ ወዳጆች በደሉን ያደረሱት እነሱ አይደሉም፤ ያዩት ናቸው። ታሪኩ ስለ እነሱ የሚናገረው መስጠማቸውን ብቻ ነው። ሐይቁ ወደ ውስጡ የገባው ውኃ ወጥቶ የሚሄድበት ወንዝ የለውም፤ የመጣለትን ሁሉ ይዞ ይኖራል። እዚህ ዳር ስቀመጥ ለመርሳት የማይመች ውኃ ይመስለኛል።

አባ ኢየሱስ ሞዓ እዚህ የገቡት በ13ኛው መቶ ዓመት አጋማሽ ላይ ነው። አቡነ ተክለ ሃይማኖት ከእሳቸው እግር ሥር ተቀምጠው ተምረዋል። ከዚያ በኋላ በመጣው ዘመን አባ ጊዮርጊስ ዘጋሥጫ የተማሩት በዚሁ ገዳም ነው። ትምህርት አልገባ ብሏቸው ለማኅበሩ እህል ይፈጩ ነበር የሚባሉት እኒህ አባት፣ ኋላ የቀንና የሌሊቱን ጸሎት በየሰዓቱ የሚያደርሱበትን መጽሐፈ ሰዓታት ደረሱ። የገዳሙ አለቃም ለረጅም ዘመን በነገሥታቱ ዘንድ አንድ ማዕረግ ነበረው፤ ዐቃቤ ሰዓት ይባላል። ትርጉሙ ሰዓት ጠባቂ ነው። የንጉሡን ጊዜ የሚጠብቅ፣ ማን መቼ መግባት እንዳለበት፣ የትኛው ጉዳይ ለነገ እንደማይባል የሚያውቅ ሰው ነው። በቤተ መንግሥቱ ትልቅ ከሚባሉት ሹመቶች አንዱ ነበር፤ ኃይሉም ከጦር የመጣ አልነበረም።

ቃሉን ለብዙ ጊዜ እንደ ማንኛውም የድሮ ማዕረግ ነበር የማየው። አሁን የሰላምን ነገር ባሰብሁ ቁጥር ተመልሶ ይመጣብኛል። ስለ ዓለም አቀፍ ትብብር ሲወራ የሚነሣው ሁልጊዜ አቅም ነው፤ ስንት ወታደር፣ ስንት ገንዘብ፣ በጸጥታው ምክር ቤት የማን ድምፅ። ከአገሬ ታሪክ እኔ የማነበው ግን ስለ ሰዓት ነው። ገላጋይ ጠፍቶብን አያውቅም። ሰዓቱን የሚጠብቅ ገላጋይ ነው ያጣነው።

ጦርነትን አስቀድሞ ማስቀረት እንደሚቻል ሰው ያወቀው ትናንት አይደለም። እዚሁ አምባሰል ውስጥ፣ ከግሼን አምባ ላይ፣ ነገሥታቱ ወንድሞቻቸውንና የወንድሞቻቸውን ልጆች ለብዙ ዘመን አስጠብቀው ያኖሩ ነበር። ዙፋን ፈልገው ጦር እንዳያነሡ ነው። ዛሬ መስከረም 21 ቀን ለግማደ መስቀሉ በዓል ሺህ ምእመን የሚወጣበት ያ ገደል ያኔ የመሳፍንት እስር ቤት ነበር። ብዙ ደም አስቀርቶ ይሆናል። ነገር ግን አንዳች ሳያጠፋ፣ ስለተወለደበት ቤት ብቻ ተራራ ላይ ያረጀ ልጅ ሳስብ፣ ለሰላም ሲባል ማን እንደሚከፍል መጠየቅ አለብን እላለሁ። በቅድሚያ መድረስ ሁሉ መልካም አይደለም፤ ለማሰር ቀድሞ የሚደርስም አለ።

ከግሼን ብዙ ሳይርቅ፣ ውጫሌ አጠገብ፣ ይስማ ንጉሥ የሚባል ስፍራ አለ። ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. በዳግማዊ ምኒልክና በኢጣልያው መልእክተኛ በፔትሮ አንቶኔሊ መካከል የተደረገው ውል የተፈረመው እዚያ ነው። ውሉ የሰላምና የወዳጅነት ነበር። የ17ኛው አንቀጽ ጉድ በየትምህርት ቤቱ የሚነገር ነው፤ በአማርኛው ንጉሠ ነገሥቱ ከሌሎች መንግሥታት ጋር በኢጣልያ በኩል መላላክ ይችላሉ ይላል፣ በጣልያንኛው ደግሞ ግዴታ ያደርገዋል። ምኒልክ ተንኮሉን ያወቁት ለአውሮፓ ነገሥታት ለጻፉት ደብዳቤ መልስ ሲመጣላቸው ነው። ኢጣልያ ውሉን ለመንግሥታቱ ስታስታውቅ አብዛኞቹ በአንድ ወገን ቃል ረክተው ተቀመጡ። ሁለተኛውን ወገን «አንተስ እንዲህ ብለሃል?» ብሎ መጠየቅ አንድ ደብዳቤ ነበር የሚፈጀው። ውሉ ሰባት ዓመት ሳይሞላው ዐድዋ ላይ ደረስን። ድሉን ስናከብር የምንኮራው በጀግኖቹ ነው፤ እኔ ግን በዚያች ባልተጻፈች ደብዳቤ ሁልጊዜ አዝናለሁ።

የዐድዋ ልጆች ሲያረጁ ነው ሁለተኛው መከራ የመጣው። ኢትዮጵያ በ1916 ዓ.ም. የመንግሥታቱ ማኅበር አባል ሆና ነበር። ማኅበሩ የተቋቋመው ከመጀመሪያው የዓለም ጦርነት እልቂት በኋላ፣ አንዱ አገር ሲነካ ሁሉም እንደተነካ ይቆጠር ተብሎ ነው። ትንሽ አገር እንዲህ ያለ ቃል ሲሰማ ምን ያህል እንደሚያምን ለመገመት ትንሽ አገር ሆኖ መኖር ያስፈልጋል። ኅዳር 26 ቀን 1927 ወልወል ላይ ከኢጣልያ ጦር ጋር ተኩስ ተከፈተ፤ ከመቶ በላይ ኢትዮጵያውያን ወደቁ። ወር ሳይሞላ ኢትዮጵያ ጄኔቭ ለተቀመጠው ማኅበር አመለከተች። ሳይቃጠል በቅጠል ማለት እንዲህ ነበር፤ ቅጠሉ በእጅ ነበር፣ እሳቱም ገና አንድ በረሃ ውስጥ ነበር።

ከዚያ የሆነውን በቀን በቀን ስከተለው ደረቴ ይጨነቃል። የግልግል ኮሚሽን ተቋቋመ። በዚያው ጊዜ የኢጣልያ ወታደርና መሣሪያ በስዊዝ ቦይ አልፎ ወደ ምጽዋ ይጎርፍ ነበር፤ ዓለም ሁሉ ያየዋል። ኮሚሽኑ ነሐሴ 28 ቀን 1927 ፍርዱን ሰጠ፤ ለወልወሉ ግጭት ሁለቱንም ወገኖች ተጠያቂ አላደረገም። ልክ በወሩ፣ መስከረም 22 ቀን 1928፣ የኢጣልያ ጦር መረብን ተሻገረ። ማኅበሩ ኢጣልያን ወራሪ ናት ብሎ በቀናት ውስጥ ፈረደ፤ ይህ ሊካድ አይገባም። ማዕቀቡ የጸናው ግን ኅዳር 8 ቀን ነው፤ ነዳጅ አልተካተተበትም፣ ቦዩም አልተዘጋም። ያለ ነዳጅ ታንክ አይሄድም፣ አውሮፕላን አይነሣም። ይህን ጄኔቭ የተቀመጡት ሁሉ ያውቁ ነበር።

ኅዳር 26 ቀን 1928 ደሴ በቦምብ ተደበደበች። ከወልወል ተኩስ ድፍን አንድ ዓመት፤ ያው ወር፣ ያው ቀን። ንጉሠ ነገሥቱ ከተማው ውስጥ ነበሩ። ቀይ መስቀል የተዘረጋበት ሆስፒታልም አልተማረም፤ በስፍራው የነበሩ የውጭ አገር ሐኪሞች ያዩትን ጽፈው ተቃውሟቸውን ወደ ጄኔቭ በቴሌግራም ላኩ። ያ ቴሌግራም በተላከ በቀናት ውስጥ የእንግሊዙ ሳሙኤል ሆርና የፈረንሳዩ ፒየር ላቫል ፓሪስ ላይ ተገናኝተው ከኢትዮጵያ ሰፊ መሬት ለኢጣልያ የሚሰጥ ዕቅድ ተስማሙ። ዕቅዱ ወጥቶ የእንግሊዝ ሕዝብ ሲሰማ ተቆጣ፤ ሆር ከሥልጣን ለቀቀ። የማያውቁን ሰዎች ለንደን ላይ ስለ እኛ መቆጣታቸውን ሳነብ ዛሬም ልቤ ይሞቃል። የደሴ ቤቶች ግን ተቃጥለው ነበር።

ከዚያ በኋላ ያለው ይታወቃል። ከማይጨው ጦርነት በኋላ አሸንጌ ሐይቅ ዳር ወደ ኋላ ይመለስ በነበረው ሠራዊት ላይ የመርዝ ጢስ ዘነበበት፤ መርዙን የሚከለክለውን የእ.ኤ.አ. የ1925 የጄኔቭ ስምምነት ኢጣልያ ራሷ ፈርማበት ነበር። አሸንጌም እንደዚህኛው ሐይቅ ነው፤ ሰውና ከብት የሚጠጣው። ሰኔ 23 ቀን ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ጄኔቭ ቆመው በአማርኛ ተናገሩ። ሳምንታት ሳያልፉ ማዕቀቡ ተነሣ።

የእኛ ሰው «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» ይላል። ይህ ተረት ለ1928 አይበቃም። ያኔ ጩኸቱ ጅቡ ከመድረሱ ከዘጠኝ ወር በፊት ተሰምቷል፤ ምልክቱ አልጠፋም፣ ማስጠንቀቂያው አልዘገየም። የዘገየው የሰሚው እግር ነው። ማየትና መነሣት ሁለት የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን ከዚህ የበለጠ የሚያሳይ አላውቅም።

ከዚህ ሁሉ በኋላ ኢትዮጵያ ቂም ይዛ ደጇን ብትዘጋ ማን ይፈርድባት ነበር? አልዘጋችም። የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት ሲመሠረት ገባች። በ1943 ዓ.ም. የቃኘው ሻለቃ ሊያየው ቀርቶ ስሙን ሰምቶ ወደማያውቀው ወደ ኮሪያ ተሳፈረ፤ በዚያ ጦርነት ከ120 በላይ ልጆቻችን ሕይወታቸውን ሰጡ። ከዚያ ኮንጎ፣ ኋላም ሩዋንዳ፣ ቡሩንዲ፣ ላይቤሪያ፣ አብዬ። ያልተደረሰለት ሕዝብ ለሌላው ሊደርስ ተነሣ። ስለ አገሬ ከማውቀው ነገር ሁሉ ይህን ያህል የሚያኮራኝ የለም፤ ለዚህም ነው የኋለኛው ታሪካችን ይህን ያህል የሚያመኝ።

ግንቦት 17 ቀን 1955 የአፍሪካ አንድነት ድርጅት አዲስ አበባ ላይ ተመሠረተ። ልጁ የሆነው የአፍሪካ ኅብረት ከአባቱ በተለየ አንድ ትልቅ ነገር ጨመረ፤ በአባል አገር ውስጥ የጦር ወንጀል ወይም የዘር ማጥፋት ሲፈጸም ኅብረቱ ጣልቃ የመግባት መብት እንዳለው በመተዳደሪያው ጻፈ። የሰላምና ጸጥታ ምክር ቤት አቋቋመ፤ የጠቢባን ጉባኤ ሰየመ፤ ግጭት ከመፈንዳቱ በፊት የሚያስጠነቅቅ ሥርዓት ዘረጋ። ዋና መሥሪያ ቤቱ ውስጥ የአህጉሩን ሁኔታ ቀንና ሌሊት የሚከታተል ክፍል አቋቋመ። ስለዚያ ክፍል መጀመሪያ ስሰማ ወዲያው የመጣልኝ የሐይቅ መነኮሳት ነበሩ፤ ሌላው ሲተኛ የሚነቁት። በግንቦት 2005 የአፍሪካ መሪዎች እዚያው ተሰብስበው እስከ እ.ኤ.አ. 2020 በአህጉሩ የጠመንጃ ድምፅ እንዲጠፋ ቃል ገቡ።

በዚያው በ2020፣ በእኛ ጥቅምት 24 ቀን 2013 ሌሊት፣ ትግራይ ውስጥ ጦርነት ተጀመረ። ኅብረቱ ዝም አላለም። በኅዳር ወር የቀድሞ መሪዎች የነበሩትን ዦአኪም ቺሳኖን፣ ኤለን ጆንሰን ሰርሊፍንና ካሌማ ሞትላንቴን ልዩ መልእክተኛ አድርጎ ሰየመ። መንግሥት የሕግ ማስከበር ጉዳይ ነው አለ፤ መልእክተኞቹ አዲስ አበባ ላይ ተነጋግረው ተመለሱ፣ መቀሌ አልደረሱም። እነሱ አዲስ አበባ ላይ በተነጋገሩ ማግሥት መንግሥት መቀሌን መያዙን አስታወቀ። ሦስት የተከበሩ ሽማግሎች ከበር ተመለሱ ማለት ነው። በእኛ ባህል ይህ ምን ማለት እንደሆነ የሚጠፋው ሰው የለም።

ጦርነቱ በመንገዱ ሄዶ ሄዶ በጥቅምት 2014 እዚህ ደረሰ። ሐይቅ ከተማም፣ ደሴም፣ ኮምቦልቻም በትግራይ ኃይሎች እጅ ገቡ፤ እስከ ኅዳር ማብቂያ ድረስ። አክስቴ እዚሁ ሐይቅ ነበረች። መብራት የለም፣ ስልክ የለም፣ ወፍጮ የለም። ገብስ ቆልተው ለልጆች አካፈሉ፤ ሙስሊሙ ክርስቲያኑን፣ ክርስቲያኑ ሙስሊሙን ደበቀ። ሌሊት የሚሆነውን እስከ ዛሬ ሙሉውን አልነገረችኝም፤ እኔም አልጠይቃትም። ኮምቦልቻ ላይ የነበረው የእርዳታ መጋዘን ተዘርፎ የዓለም ምግብ ፕሮግራም በሁለቱ ከተሞች እህል ማደል ማቆሙን ያወቅሁት አዲስ አበባ ሆኜ በዜና ነው። ከተዘረፈው ውስጥ ምግብ ለጎደላቸው ሕፃናት የታሰበ ነበረበት።

በዚያው ወቅት መቀሌ ውስጥ ባንክ ተዘግቶ፣ ስልክ ተቋርጦ፣ መድኃኒት አጥታ የልጇን ትንፋሽ የምትቆጥር እናት ነበረች። አላውቃትም። የአክስቴን ጨለማ ሳስብ ግን እሷን ሳላስብ ማለፍ አልችልም፤ ካለፍሁም ያ ነፍሰ ጡሯን አይቶ ዝም ያለው መንደር ውስጥ ነኝ ማለት ነው።

ኦሉሴጉን ኦባሳንጆ የኅብረቱ ልዑክ ሆነው በነሐሴ 2013 ተሰየሙ። በመጋቢት 2014 ተኩስ ጋብ አለ፣ በነሐሴ እንደገና ተቀሰቀሰ። በመጨረሻ ጥቅምት 15 ቀን 2015 ተደራዳሪዎቹ ፕሪቶሪያ ላይ ተቀመጡ፤ ኦባሳንጆ፣ ኡሁሩ ኬንያታና ፉምዚሌ ምላምቦ ንግኩካ አደራዳሪ ሆነው። ጥቅምት 23 ቀን ፈረሙ። ጦርነቱ ሁለት ዓመት ሊሞላው አንድ ቀን ቀርቶት ነበር። ድርድሩ የፈጀው ዘጠኝ ቀን ነው። ኦባሳንጆ በኋላ የሟቾቹ ቁጥር እስከ 600,000 ሊደርስ እንደሚችል ተናግረዋል። ቁጥሩን ማንም ቆጥሮ አልጨረሰውም። ዘጠኝ ቀን እና ያ ቁጥር አንድ ገጽ ላይ ተጽፈው ሳይ ዓይኔን አነሣለሁ፤ አብሬያቸው መቆየት አልችልም።

ስምምነቱን አላቃልልም። የመድፍ ድምፅ ቆመ፤ መንገድ ተከፈተ፤ የኅብረቱ ጥቂት ታዛቢዎች በታኅሣሥ 2015 መቀሌ ገብተው ትጥቅ አፈታቱን መከታተል ጀመሩ። ይህ ሁሉ የሆነው ሰዎች ከሩቅ አገር ተነሥተው ስለመጡ ነው። ነገር ግን ሐምሌ 28 ቀን 2015 በአማራ ክልል በተባባሰው ውጊያ ምክንያት የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ። ሁለት ወር ገደማ ቆይቶ፣ መስከረም 2016 ሊያልቅ ሲል፣ ስለ ኢትዮጵያ የሰብዓዊ መብት ጥሰት የሚመረምረው የተባበሩት መንግሥታት የባለሙያዎች ኮሚሽን ዘመኑ ሳይታደስ አበቃ። አንዱ እሳት ጠፋ ሲባል ጠባቂው ተነሥቶ ሄደ፤ ቀጥሎ ያለው ጎጆ ግን ይጨስ ነበር።

«የውስጥ ጉዳይ ነው» የሚለውን ቃል እኔም ከልቤ አዳምጠዋለሁ። ገመናን ለባዕድ መግለጥ ያሳፍራል፤ ውጫሌና ጄኔቭ ያሳዩንም ባዕድ ሁሉ ወዳጅ እንዳልሆነ ነው። ግን ቤቱ ውስጥ ልጅ ሲጮህ በሩን ያልከፈተ አባወራ ገመናውን እየጠበቀ ነው ወይስ በደሉን? ይህን ጥያቄ ለማንም መንግሥት ብቻ አላቀርብም። በየቤታችን ያለ ጥያቄ ነው።

ደግሞም ከሁሉ የሚከብደው፣ በጊዜ የደረሰ ገላጋይ ሥራው አይታይም። ያልተነሣ ጦርነት መቃብር የለውም፣ ሐውልት የለውም፣ የመታሰቢያ ቀን የለውም። በሕይወት የተረፈው ሰው መትረፉን አያውቅም። ስለዚህ ማንም መንግሥት በጀቱን ላልሆነ ነገር ማፍሰስ አይወድም፤ ከጠፋ በኋላ ለሚሠራ ሆስፒታልና ለሚጫን ስንዴ ግን እጅ ይዘረጋል። መነኮሳቱ በውድቅት ተነሥተው ገና ላልመጣ ቀን ይጸልያሉ። ያ ቀን ደኅና ሆኖ ሲውል «ጸሎታችሁ ነው» ብሎ የሚያመሰግናቸው የለም። ደግሞ በማግሥቱ ይነሣሉ።

ወንድሜ ሲቆይብኝ፣ የአባታችን ወዳጅ የነበሩ አንድ ሽማግሌ አይተውኝ ቆሙ። ሐይቁ ዳር ካለው መንደር ናቸው፤ ሙስሊም ናቸው፤ አባታቸውም አያታቸውም አበጋር ነበሩ፣ እሳቸውም ናቸው። በወሎ አበጋር ሰው የሚያስታርቅ፣ ደም የሚያደርቅ የዘር ሐረግ ያለው አባት ነው፤ ክርስቲያኑም እሳቸው ፊት ይቀርባል።

«የእኔ ልጅ፣ ደጅ ላይ ምን ታደርጊያለሽ? ነይ ቡና ይፈላልሻል» አሉኝ። ቤታቸው ከመንገዱ ብዙ አይርቅም። ባለቤታቸው ረከቦቱን አስቀምጠው ዕጣኑን ለኮሱ፣ እሳቸው ዱዓ አደረጉ፤ ለአገሩ፣ ለዝናቡ፣ ለሞቱት፣ ለገደሉትም።

አቦሉን እየጠጣን ጠየቅኋቸው። «አባባ፣ ሰው ሲጋደል መቼ ነው የምትገቡት?»

«ሬሳው ሳይነሣ ነዋ። የሞተው ቤት እንሄዳለን፣ የገደለውም ዘመድ ጋ ሰው እንልካለን። የሁለቱንም እጅ እንይዛለን። ከቀብር በኋላ ከደረስን፣ ልጄ፣ ሌላ ቀብር ላይ ነው የምንደርሰው።»

«ባይሰሟችሁስ?»

«በራቸው ላይ እንቀመጣለን። እህል አንቀምስ፣ ውኃ አንጠጣ። ቢያመናጭቁንም እንቀመጣለን። ሽማግሌ ደጁ ተቀምጦበት ጠመንጃ የሚወለውል ሰው ብዙ አይደለም።»

«መሣሪያ የላችሁ፣ ፖሊስ የላችሁ።»

«ጊዜ አለን» አሉ። «ቀድሞ መድረስና ቆይቶ መነሣት። ሌላ ምን አለን?»

ስለ ፕሪቶሪያው ድርድር ነገርኋቸው። ብዙውን በሬዲዮ ሰምተውታል፤ የስፍራውን ርቀት ግን ለማወቅ ፈለጉ። «በአየር ስንት ሰዓት ይሄዳል?»

«ከአዲስ አበባ አምስት ሰዓት ያህል ነው።»

ሲኒያቸውን አስቀመጡ። ለረጅም ጊዜ ውኃውን አዩ። «አምስት ሰዓት» አሉ፣ ለእኔ ሳይሆን ለራሳቸው። «እኛ እኮ አፋር ድረስ በእግር ወርደን ደም አድርቀን እንመለስ ነበር። አምስት ሰዓት ከሆነ ታዲያ ሁለት ዓመት ምን አደረጉ?»

መልስ ፈለግሁ። ስለ ሉዓላዊነት፣ ስለ ኃያላኑ ጥቅም፣ ስለ ምክር ቤት ድምፅ የማውቀውን ሁሉ በአእምሮዬ አገላበጥሁ። ሁሉም እውነት ነው። አንዱንም እሳቸው ፊት አፌ ላይ ማምጣት አልቻልሁም።

ቶናው ተቀዳ። ወንድሜ ከገዳሙ ወጥቶ ፈልጎ አገኘን፤ ሰላምታ ሰጥቶ ቁጭ አለ። ከዚያ የሽማግሌው ስልክ ጠራ። ቆመው አዳመጡ፤ «መቼ?» ብቻ አሉ፣ «ማን አለ እዚያ?» ብለው ደገሙ። ከላይ ባለው ቀበሌ በወሰን የተነሣ የሁለት ቤት ልጆች ተጣልተዋል፤ አንደኛው ተፈንክቷል፣ የሞተ የለም። ጋቢያቸውን አንሥተው ትከሻቸው ላይ ጣሉ፣ ዱላቸውን ከግድግዳው ወሰዱ።

«አባባ፣ በረካውን ሳይጠጡ?» አልኋቸው። በረካ ትቶ መነሣት በእኛ አገር አይደረግም።

«አብሽሪ፣ አንቺ ጠጪልኝ» አሉ፤ ጫማቸውን በሩ ላይ አጠለቁ። ባለቤታቸው ምንም አላሉም፤ ጀበናውን ወደ እሳቱ መልሰው ከድነው አስቀመጡት። ሽማግሌው በሐይቁ ዳር ባለው መንገድ፣ በዕድሜያቸው በማይጠበቅ ፍጥነት፣ ወደ ዳገቱ ይሄዱ ነበር።